የጨለማ ታሪክ ስናነብ ምን እንፈልግ?

በጂዳና በመካ መካከል በምትገኘው በባሕራና በአካባቢዋ የምትሠሩ እህቶቻችን፣ ሥራ አልቆ የቤቱ ሰው ሲተኛ በስልካችሁ ልብ ወለድ እንደምታነቡ ወይም ትረካ እንደምታዳምጡ እናውቃለን። ስለ ወንጀል፣ ስለ ሱስና ስለ ሌሊት ሕይወት የሚተርኩትን የሚወዱ ብዙ ናቸው። «እንዲህ ያለው መጽሐፍ ሰውን አያበላሽም ወይ?» ብለው የሚጠይቁም አሉ። እኛ እንደሚመስለን ከመጽሐፉ ይልቅ ወሳኙ አነባበባችን ነው።

ከአገራችን ደራሲ እንጀምር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ሳለ ነው። ታሪኩ ስለ አዲስ አበባው ውቤ በረሃ ነው፤ በዚያን ዘመን በመጠጥ ቤቶቹና በሴተኛ አዳሪዎቹ ይታወቅ ስለነበረው ሰፈር። መጽሐፉ ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ቆየ፤ የፈረንሳይኛ ትርጉሙ የወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ስብሐት የመኝታ ቤትን ነገር ሳይሸፍን ስለሚጽፍ ነውር ነው ብለው የነቀፉት አሉ፤ እውነቱን ነው የጻፈው ብለው የወደዱትም አሉ። የማይመቻት እህት ብትተወው ምንም አይጎድልባትም። የምታነብ ግን የመብራቱንና የዘፈኑን ድምቀት ብቻ አትይ፤ ሲነጋ ማን ምን እንደቀረው ትመልከት።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሩሲያ ነው። «ወንጀልና ቅጣት»ን የጻፈው ዶስቶየቭስኪ ራሱ የቁማር ሱስ ነበረበት። በ1865 እ.ኤ.አ. ዕዳ ሲያስጨንቀው ከአንድ አሳታሚ 3,000 ሩብል ወሰደ። ውሉ እንዲህ ይላል፦ እስከ ኅዳር 1 ቀን 1866 እ.ኤ.አ. አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ፣ አሳታሚው ለዘጠኝ ዓመት የደራሲውን ሥራዎች ያለ ምንም ክፍያ ያትማል። ቀኑ ሊደርስ ሲል አና የምትባል ወጣት ጸሐፊ ቀጥሮ፣ እሱ እየተናገረ እሷ እየጻፈች፣ «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀን ጨረሱ። በኋላም ተጋቡ። ቁማሩን ግን እስከ 1871 እ.ኤ.አ. አልተወም። ሱስ ብልህ ሰውንም እንዴት እንደሚይዝ ከዚህ እንማራለን፤ የዳነውም ብቻውን አልነበረም።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ወጥመዱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ደግ የሚመስል ሰው ይመጣል፤ ያበድራል፣ ይጋብዛል። ቀጥሎ «ትንሽ ነገር ነው፣ አድርሽልኝ» ይላል። ከዚያ ምሥጢር ይፈጠራል፤ በምሥጢሩም ያስፈራራል። ስለዚህ ስታነቡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የመጀመሪያዋ እርምጃ የትኛዋ ናት? ትርፉ ለማን ነው? ሰውየው ገና ሳይረፍድ ለማን ሊናገር ይችል ነበር?

ጥያቄዎቹ ለመጽሐፍ ብቻ አይደሉም። አገር ቤት በየመንገዱ የሚሸጠው ጫት በሳዑዲ ሕግ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ይቆጠራል። አረቄ አውጥቶ መሸጥም ወንጀል ነው። ካፕታጎን የሚባለው ክኒን ደግሞ እንቅልፍ ያባርራል፣ ድካም ያስረሳል ተብሎ ይሰጣል፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ለምትውል ሠራተኛ መፍትሔ ሊመስል ይችላል፤ ሱስ ነው። በነሐሴ ወር 2022 እ.ኤ.አ. ሪያድ ላይ በዱቄት ጭነት ውስጥ የተደበቀ ወደ 47 ሚሊዮን የሚጠጋ ክኒን ተይዟል። ለጥቂት ጊዜ ቆሞ የነበረው በዕፅ ወንጀል የሚፈጸም የሞት ቅጣት በኅዳር ወር 2022 እ.ኤ.አ. እንደገና ተጀምሯል፤ ከዚያ ወዲህ ከተገደሉት መካከል ወገኖቻችን ይገኙበታል።

ስለዚህ እህቶች፣ የማታውቁትን ዕቃ በአደራ አትቀበሉ። የአገር ልጅ ቢሆን፣ «ለእናቴ መድኃኒት ነው» ቢል፣ ከፍታችሁ ያላያችሁትን አትያዙ። ይሉኝታ በዚህ ጊዜ አይጠቅምም፤ ዕቃው የተገኘባት እህት «የሰው ነው» ብትል የሚሰማት ማግኘት ይከብዳታል። በመጠጥ ወይም በክኒን የተያዘች እህት ካለችም አታሽሟጥጧት፣ ለብቻዋም አትተዋት፤ ከምታምኑት ሰው ጋር ሆናችሁ አነጋግሯት። ከሱስ ለመላቀቅ የምትታገል እህት ደግሞ እንዲህ ያለው ታሪክ አምሮቷን የሚቀሰቅስባት ከሆነ፣ መጽሐፉን ለጊዜው ዘግታ ሌላ ታንብብ።

መጽሐፍ ያለው ትልቅ ጥቅም፣ ሌላው ሰው በሕይወቱ የከፈለበትን ትምህርት እኛ ቁጭ ብለን ማግኘታችን ነው። አንብቡ፣ ያነበባችሁትንም ተጨዋወቱበት። በሰላም ያገናኘን።