በሬ ውስጥ የተደበቀው ሰው



ከብት በዋለበት መስክ ወፎችን አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሬው ሣር ሲግጥ አጠገቡ ይለቅማሉ። አንዳንዶቹማ ጀርባው ላይ ያርፋሉ። ሰው ብቅ ሲል ግን ብር ብለው ይሄዳሉ። ዛሬ የምንነግራችሁ ይህን ልብ ብለው ስላዩ ሁለት ወንድማማቾች ነው።

ሪቻርድ ኪርተንና ቼሪ ኪርተን ይባላሉ። አገራቸው እንግሊዝ ነው። ሪቻርድ በ1862፣ ቼሪ በ1871 ተወለዱ። ዓመቱን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው። ሪቻርድ ልጅ ሳለ የወፍ ጎጆ ፍለጋ ወጥቶ ወደቀ። እግሩ ተጎዳ፤ ዕድሜውን ሙሉ አነከሰ። ወፍ መውደዱን ግን አልተወም። የዱር ወፍ ድምፅ አስመስሎ ይጠራ ነበር። ለአደን የመጣ አንድ የለንደን መጽሐፍ አሳታሚ ይህን ሰምቶ ተደነቀና ሥራ ሰጠው። ቼሪም ኋላ ተከተለው።

በዚያን ጊዜ የወፍ ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ወፊቱን ገድለው ነበር የሚስሏት። ወንድማማቾቹ ግን «በሕይወት እንዳለች እናሳያት» ብለው ተነሡ። ሪቻርድ ይጽፋል፤ ቼሪ ፎቶግራፍ ያነሣል።

የያኔው ካሜራ ኪስ የሚገባ እንዳይመስላችሁ! ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ መስተዋት ያስፈልጋል። የተንቀሳቀሰ ነገር ደግሞ ይደበዝዛል። በ1892 ጎጆን ከነእንቁላሉ አነሡ። እንቁላል መቼም አይበርም። በ1895 ስለ ወፍ ጎጆ መጽሐፍ አወጡ፤ ሥዕሎቹ ከዱር የተነሡ ፎቶግራፎች ናቸው። ጎጆው ከፍ ያለ ቦታ ከሆነ ቼሪ ሪቻርድ ትከሻ ላይ ይቆም ነበር። ያን የሚያነክስ እግር እስቲ አስቡት! ገደል ላይ ከሆነም ቼሪ በገመድ ታስሮ ይወርዳል።

ወፊቱን ራሷን ማንሣት ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ሰው ካየች ትሸሻለች። ስለዚህ በ1900 የበሬ ቆዳ አመጡ። ቆዳውን በቀላል እንጨት ላይ ወጥረው በሬ አስመሰሉት። ውስጡ ባዶ ነው። ሰውየው ካሜራውን ይዞ ይገባል፤ የካሜራው ዓይን በቀዳዳ ወደ ውጭ ያያል። ከሩቅ ላየው በሬ ቆሟል። ውስጥ ግን አንድ ሰው ጎብጦ፣ ሙቀቱን ችሎ፣ ወፊቱ እስክትመጣ ይጠብቃል። ሌላ ጊዜም በግ አስመስለው ሠርተዋል፤ የዛፍ ግንድም እንዲሁ።

ቼሪ በኋላ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሄዶ በ1909 የዱር አራዊትን በፊልም ቀረጸ። እሱም ጸሐፊ ሆነ፤ በ1930 ስለ ፔንግዊን መጽሐፍ አሳተመ። ፔንግዊን መብረር የማትችል የባሕር ወፍ ናት። ሪቻርድ በ1928 ሞተ። ቼሪም በ1940 ለንደን ውስጥ በራዲዮ ለልጆች ተናገረ። ንግግሩን ጨርሶ ከጣቢያው እንደወጣ ወድቆ በዚያው አረፈ።