የተቀጠለው የልብ ደም ሥር እንዴት እንደሚለካ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር ቡና አጥቦ የሚያሰናዳ ሰው እንደሚያውቀው፥ ቦይ ተቆፍሮ አለቀ ማለት ውሃው ከማጠቢያው ደረሰ ማለት አይደለም። ከታች ደለል ዘግቶት እንደ ሆነ ቦዩ ሙሉ መስሎ ይታያል እንጂ ውሃው አያልፍም። የልብ ቀዶ ሐኪሞችም ከዚህ የማይርቅ ችግር ሲገጥማቸው ኖሯል።

ልብ ሰውነትን ሁሉ በደም ሲመግብ፥ ራሱ የሚመገበው በላዩ በተዘረጉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ነው። እነዚህ የጠበቡ እንደ ሆነ ደረት ይጨነቃል፤ ፈጽመው ሲዘጉ የልቡ ሥጋ ይሞታል። ስለዚህ ሐኪሙ ከእግር ወይም ከደረት ጤናማ ደም ሥር ወስዶ፥ ደሙ የተዘጋውን ስፍራ ተሻግሮ እንዲያልፍ አድርጎ ይሰፋዋል። በእግር ደም ሥር የሚደረገውን ይህን ሕክምና ያስፋፋው የአርጀንቲናው ተወላጅ ሬኔ ፋቫሎሮ ነው፤ ሥራውንም የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ነው። ይህ ሰው አስቀድሞ 12 ዓመት ያህል በላ ፓምፓ ምድር የገጠር ሐኪም ሆኖ መኖሩ፥ ከከተማ ርቀው ለሚያገለግሉ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው።

ስፌቱ ካለቀ በኋላ ግን ደሙ ማለፉ በምን ይታወቃል? በቀድሞው ልማድ ሐኪሙ የተቀጠለውን ደም ሥር በጣቱ ይዳስስ ነበር። ሆኖም ጣት ታታልላለች። መጨረሻው የተዘጋ ደም ሥርም ከኋላው በሚመጣው ግፊት ይመታልና፥ ትርታ ሌላ ነው፤ ፍሰት ሌላ ነው። ስፌቱ ጠብቦ ወይም ደም ሥሩ ተጠማዝዞ ሳይታወቅ ደረቱ ከተዘጋ፥ ስሕተቱ የሚገለጠው ሕመምተኛው በአልጋው ላይ ሲጨነቅ ነው።

በዚህ ዘመን የሚሠራበት መሣሪያ ደም ሥሩን የሚያቅፍ ትንሽ ነገር ነው። ከእርሱም ጆሮ የማይሰማው ድምፅ አንድ ጊዜ ከደሙ ጋር፥ አንድ ጊዜ ደሙን ተቃውሞ ይላካል። በባሮ ወንዝ በታንኳ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ሽቅብ ከሚወጣው እንደሚቀድም፥ ድምፁም ከፍሰቱ ጋር ሲሄድ ይፈጥናል፤ ሲቃወመው ይዘገያል። የሁለቱ ጊዜ ልዩነት በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ደም እንደሚያልፍ ያስታውቃል። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች በ2018 ባወጡት መመሪያ፥ ፍሰቱ ከ20 ሚሊ ሊትር ያነሰና የመዋዠቁ መጠን ከ5 የበለጠ እንደ ሆነ ስፌቱ ያጠራጥራል። መዋዠቁም ከከፍተኛው ፍሰት ዝቅተኛው ተቀንሶ፥ ቀሪው ለአማካዩ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ይሁን እንጂ የደም ግፊት ሲወርድ ወይም ተቀባዩ ደም ሥር እጅግ ቀጭን ሲሆን ቁጥሩ ያንሳልና፥ ሐኪሙ ስፌቱን ከመፍታቱ በፊት ይህን ሁሉ መመርመር ይገባዋል።

በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ማእከል በተለይ የታሰበው ለሕፃናት ነበር። ወደፊት ለጎልማሶች የልብ ቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚያዝዙ ሹማምንት፥ ይህን መለኪያ እንደ ጌጥ ቈጥረው ከዝርዝሩ ባይሰርዙት መልካም ነው። ከሚዛን እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና፥ ከቴፒ የመጣ ሕመምተኛ ደረቱ እንደገና ይከፈት ቢባል ዳግመኛ መምጣቱ ቀላል አይደለም። ልኬቱ ግን ለአንዱ ደም ሥር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፤ ቁጥሩም በመዝገብ ተጽፎ፥ ሕመምተኛው ሲመለስ በሚዛን ለሚጠብቀው ሐኪም ሊደርሰው ይቻላል።