ኩባንያ ሲለግስ ውሳኔው የማን ነው?

ኩባንያዎች በማኅበራዊ ኃላፊነት ስም ለዩኒቨርሲቲዎችና ለማስተማሪያ ሆስፒታሎች መሣሪያ፣ መድኃኒት ወይም የምርምር ገንዘብ ይለግሳሉ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሮቤ የሚያስተምረው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲና ማስተማሪያ ሆስፒታሉ የሆነው ጎባ ሪፈራል ሆስፒታልም ከኩባንያዎች ጋር ሲጣመሩ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሚፈለገውን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው።

ለዚህ የትራኮማ መከላከል ሥራ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ፋይዘር ኩባንያ አዚትሮማይሲንን በነጻ ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን ልገሳውን እስከ 2030 እንደሚቀጥል አስታውቋል። ሆኖም መድኃኒቱ ለየትኛው ወረዳ እንደሚሰጥ የሚለየው በኩባንያው ፍላጎት ሳይሆን በጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በኦሮሚያ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የትራኮማ ቅየሳ ዋና ወጪው የተሸፈነው በብሪታንያ መንግሥት ነበር፤ የለንደን የንጽህናና የሐሩር ክልል ሕክምና ትምህርት ቤት ባለሙያዎችም ተሳትፈውበታል። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ንቁ ትራኮማ የታየባቸው ከ10 እስከ 30 በመቶ ከሆኑ ለ3 ዓመት፣ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆኑ ደግሞ ለ5 ዓመት በየዓመቱ መድኃኒት ከታደለ በኋላ ውጤቱ እንደገና ይለካል። መለኪያውም ሆነ ማብቂያው አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ልገሳው ወሰንም አለው። መድኃኒት ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ሽፋሽፍትን አያቃናም፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ውኃና መጸዳጃ ቤትም አያቀርብም። ይህን ክፍተት መሙላት የጤና ቢሮዎችና የሌሎች ዘርፎች ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ በመነሳት የጤና ባለሙያው ስምምነት ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉትን ሊጠይቅ ይገባል። የሚለገሰው መሣሪያ የሕሙማን መዝገብ ያሳየውን ችግር የሚፈታ ነውን? ሪኤጀንቱን፣ መለዋወጫውንና ጥገናውን ከሁለተኛው ዓመት በኋላ የሚከፍለው ማን ነው? ምርምር ከሆነ ርእሱን የመረጠው፣ መረጃውን የሚይዘው፣ ለኩባንያው የማይስማማ ውጤት ቢገኝስ እንዲታተም የሚፈቅደው ማን ነው? የሥነ ምግባር ኮሚቴው ከገንዘብ ሰጪው ነጻ ነውን?

የለጋሹ የሥራ ዘርፍም ይመርመር። ትንባሆን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትንባሆ ማስታወቂያንና ስፖንሰርነትን ከልክሏል። የባሌ ደጋ ገብስ አብቃይ በመሆኑ የቢራ ፋብሪካዎች ከአካባቢው ገበሬ ጋር ሊኖራቸው የሚችለው ግንኙነት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ስለ አልኮል ጉዳት የሚያጠና ተመራማሪ ገንዘቡን ከዚያው ቢያገኝ ውጤቱ እውነት ቢሆን እንኳ መታመኑ ያጠራጥራል።

ስለዚህ ልገሳን መቀበል ነውር ባይሆንም ያለ ጽሑፍ ስምምነት መቀበል አይገባም። ስምምነቱ ኃላፊነትን፣ የመረጃ ባለቤትነትንና የልገሳውን ማብቂያ በግልጽ ካላስቀመጠ፣ ኩባንያው ሲወጣ የሚቀረው ሸክም የሚያርፈው በሆስፒታሉ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሩቅ ቀበሌ በመጣው ሕመምተኛ ላይ ነው።