የካሞሚል ሻይ እና እንቅልፍ ማጣት

እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪም ዘንድ ከመቅረቡ አስቀድሞ በቤቱ ያለውን መሞከሩ የተለመደ ነው። በከተሞቻችን ገበያ በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ የሚሸጠው የካሞሚል ሻይም ከሚሞከሩት አንዱ ነው። ካሞሚል ከአደይ አበባ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ፣ መካከሉ ቢጫ ዙሪያው ነጭ የሆነ አነስተኛ አበባ ነው።

የማረጋጋት ዝናው እንዲሁ የመጣ አይደለም። አበባው አፒጄኒን የተባለ ንጥረ ነገር የሚገኝበት ሲሆን፣ ይህም ዳያዜፓምን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች በሚሠሩባቸው የአንጎል ተቀባዮች ላይ እንደሚያርፍ በላቦራቶሪ ታይቷል። በሰው ላይ የተገኘው ውጤት ግን አንድ ወጥ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ 57 የጭንቀት ሕሙማንን ለ8 ሳምንታት የተከታተለ ጥናት ከማስመሰያ መድኃኒት የተሻለ ውጤት አሳይቷል። በ2011 እ.ኤ.አ. ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ባለባቸው 34 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት በአንጻሩ በእንቅልፋቸው ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም። በሁለቱም ጥናቶች የተሰጠው መጠኑ የተለካ እንክብል እንጂ ሻይ አለመሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ምናልባት የሻዩ ትልቁ ጥቅም በያዘው ሳይሆን በሌለው ነገር፣ ማለትም ካፌይን አልባ በመሆኑ ነው። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በረካውን የጨረሰ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊተኛ ሲል የካፌይኑ ግማሽ ገና በሰውነቱ ውስጥ ነው። የማታውን ቡና ወይም ጥቁር ሻይ በካሞሚል የተካ ሰው እንቅልፉ ቢሻሻል ሊያስገርም አይገባም።

አበባው መቀቀል የለበትም፤ የፈላ ውኃ ተደርጎበት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተከድኖ ይቆያል። ክዳኑ መዓዛማ ዘይቱ በእንፋሎት እንዳይጠፋ ይረዳል። ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት፣ ለሆድ ቁርጠት ተብሎም ቢሆን፣ ሊሰጥ አይገባም።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ዋርፋሪን የሚወስዱ ሕሙማን ናቸው። በሀገራችን የልብ ቧንቧ በር በሩማቲክ ሕመም ተጎድቶ ሰው ሠራሽ የተተካላቸው ብዙዎቹ ይህን መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይወስዳሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. በካናዳ ዋርፋሪን ትወስድ የነበረች የ70 ዓመት ሴት የካሞሚል ሻይና ቅባት ከተጠቀመች በኋላ በበርካታ የውስጥ አካላቷ ደም መፍሰሱ ተዘግቧል። ሕሙማን ሻይን ከመድኃኒት ስለማይቆጥሩት፣ ካልተጠየቁ በቀር ለሐኪሙ አይናገሩም።