ከኋላ ጎማው ሥር ያለችውን ጠብታ እዩ

ገበሬ ወንድሞቼና እህቶቼ! ማረሻችሁ ሲደንዝ ባለ እጅ ዘንድ ትወስዱታላችሁ። ድግሩ ሲላላ ሽብልቅ ታገቡለታላችሁ። «ይሁን፣ ለዛሬ ያርስልኝ» ያለ ገበሬ ሥራው በእርሻ መሐል ይቆምበታል። ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ መኪና ነው። ነገሩ ግን ያው ነው።

የምኖረው ቀጨኔ ነው። ቀጨኔ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተራራ በታች ያለ ሰፈር ነው። ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች ከብዙ ዘመን ጀምረው የኖሩበት የባለ እጆች ሰፈር ነው። መንገዱ ሽቅብና ቁልቁል ነው። ሜዳ ላይ ደኅና የሚመስል መኪና ቀጨኔ ሲደርስ ጉዱ ይታያል።

አጎቴ አሮጌ ፒክአፕ አለችው። ጭነት እየጫነ ልጆቹን ያሳድግባታል። በቀኝ በኩል ካለው የኋላ ጎማዋ ውስጠኛ ጎን ጥቁር ዘይት ይወርድ ነበር። በቆመችበት ሁሉ ጠብታ ትተው ነበር። አጎቴ ግን «ዘይት አይደል? ሲጎድል እጨምርበታለሁ» እያለ ወር አሳለፈ።

አንድ ቅዳሜ ጧት ጎረቤታችን ሸክላ ሠሪዋ እትዬ የወር ሥራቸውን ለገበያ ጫኑ። ጀበና አለ፣ ድስት አለ፣ ምጣድ አለ። አጎቴ ፒክአፗን ቁልቁለቱ ላይ አቁሞ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ገመድ ሊያመጣ ወደ ቤት ሲገባ መኪናዋ ለብቻዋ ተንቀሳቀሰች። ከበታቿ ልጆች ይጫወቱ ነበር። አንድ ጎረምሳ ሮጦ ትልቅ ድንጋይ ከፊት ጎማዋ ሥር ወተፈ። ቆመች። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። ከምጣዶቹ ግን ስድስቱ ተሰበሩ። እትዬ ስብርባሪውን እየለቀሙ «ይሄ እኮ የልጆቼ እንጀራ ነበር» አሉ። አጎቴ አንገቱን ደፋ። ዋጋውንም ከፈለ።

የሰፈራችን መካኒክ ተጠሩ። ጎማውን ፈቱ፤ የፍሬኑን ታምቡር አወለቁ። በውስጡ ያለው የፍሬን ሸራ በዘይት ርሶ ያሙለጨልጫል። «ቅቤ የነካ እጅ ገመድ ይይዛል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አይይዝም፣ ጋሼ» አልኩ። «እንግዲያው ይሄም አይይዝም» አሉ።

ዘይቱ ከየት መጣ? ይህን ለማወቅ የኋላውን አክስል ማወቅ ያስፈልጋል። ከሞተሩ የሚመጣው ኃይል በረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ይሄዳል። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ዲፈረንሻል የሚባል ድቡልቡል ቤት አለ። በውስጡ ባለጥርስ ብረቶች በዘይት ውስጥ ይሽከረከራሉ። ከእርሱ ግራና ቀኝ ሁለት ቧንቧዎች ወጥተዋል። በእያንዳንዱ ቧንቧ ውስጥ ጎማውን የሚያዞር ዘንግ አለ።

ዲፈረንሻል ለምን አስፈለገ? ጥማድ በሬ በትልም መጨረሻ ሲዞር አስቡ። በውጭ በኩል ያለው በሬ ብዙ ይራመዳል። በውስጥ በኩል ያለው ጥቂት ይራመዳል። መኪናም ሲታጠፍ እንደዚያው ነው። ዲፈረንሻሉ አንዱ ጎማ ከሌላው በልጦ እንዲዞር ይፈቅዳል።

ዘይቱ በሦስት መንገድ ይወጣል። ልብ በሉ!

አንደኛ፦ በቧንቧው ጫፍ ኦይል ሲል የሚባል የጎማ ቀለበት አለ። ሥራው ዘይቱን መከልከል ነው። ሲያረጅ ያሳልፋል። አጠገቡ ያለው ኩሽኔታ ካለቀ ደግሞ ዘንጉ ይወዛወዛል፤ አዲሱንም ቀለበት ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ ቀለበቱ ሲቀየር ኩሽኔታውም ይታያል።

ሁለተኛ፦ በአክስሉ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች። መኪናው ሲሄድ ዘይቱ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየር ይነፋል። መተንፈሻዋ በጭቃ ከተደፈነች አየሩ ዘይቱን በቀለበቱ በኩል ይገፋዋል። ጀበና አፉን ጥብቅ አድርጋችሁ ወትፋችሁ እሳት ላይ ብትተዉት ምን ይሆናል? ይገነፍላል። ይሄም እንዲሁ ነው። መተንፈሻዋን መጥረግ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም።

ሦስተኛ፦ ዝገት ነው። በባሌስትራው መቀመጫ ላይና ከአክስሉ ሥር ጭቃ ተጋግሮ ርጥበት ይይዛል። ብረቱ ቀስ በቀስ ይበላል። በረዶ በሚጥልባቸው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አገሮች በክረምት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ በዚያ ዝገቱ ይፈጥናል። በእኛ አገር ዋናው ጠላት ጭቃና ውሃ ነው። ክረምት ሲወጣ አክስሉን አጥቦ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቆ ቀለም መቀባት ዕድሜውን ያስረዝማል።

የአጎቴ ፒክአፕ በሽታ ሦስቱም ነበር። አጎቴ «በብየዳ ድፈኑልኝ» ብሎ ለመነ። መካኒኩ መልስ ሳይሰጡ ቧንቧውን በመዶሻ ኳ ኳ አደረጉ። እናንተ ማሰሮ ስትገዙ በጣታችሁ መትታችሁ ድምፁን ትሰሙ የለም? ደኅናው ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ይታፈናል። እርሳቸውም እንደዚያ ሰሙ። ከባሌስትራው መቀመጫ አጠገብ ድምፁ ታፈነ። ካቻቪቴ ቢጫኑበት ዘልቆ ገባ።

«ላዩ ብቻ ቢዝግ ፈቅፍቄ እቀባው ነበር» አሉ። «ቀለበቱ ብቻ ቢሆን እቀይረው ነበር። ይሄ ግን ጭነት የሚሸከም ብረት ነው። ሳስቷል። የሳሳ ብረት ብየዳ አይይዝም። እሳቱም ቧንቧውን ያጎብጠዋል። እኔ ብበይደው፣ አንተ ሰው ትጭንበታለህ።» አጎቴ ዝም አለ።

ሌላ አክስል ለመፈለግ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድን። ሶማሌ ተራ በመኪና ዕቃ ንግድ የታወቀ ስፍራ ነው። የመጀመሪያው ሻጭ «ይሄ ልክ ነው» ብሎ ማለ። መካኒኩ ግን ጥርሱን ቁጠር አሉኝ። በትልቁ ላይ 41፣ በትንሹ ላይ 10 ሆነ። የእኛው 41 እና 9 ነው። 41ን ለ9 ስናካፍል 4.56 ገደማ ይመጣል። ለ10 ስናካፍል 4.1 ይመጣል። የአጎቴ ፒክአፕ በፊት ጎማዎቿም የምትጎትት ናት። የፊቱና የኋላው ቁጥር ከተለያየ ፈጣንና ዘገምተኛ በሬ እንደ መጥመድ ነው፤ እርስ በርስ ይታገላሉ፤ ብረቱም ይሰበራል። ትተነው ሄድን። 41 እና 9 ያለውን ከሌላ ሱቅ አገኘን።

ማንበብና ማካፈል ገንዘብ ሲያድን በዓይኔ አየሁ። በኦይል ሲሉ ላይም ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋሉ። አንዱ የውስጡ ስፋት፣ ሁለተኛው የውጩ ስፋት፣ ሦስተኛው ውፍረቱ ነው። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩን አስተያዩ፤ ከዚያ ክፈሉ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። የዛጉትን ብሎኖች ናፍጣ ቀብተው አሳደሩ። በማግስቱ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ በድንጋይ አገዱ፤ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ነውና ኋላው ሲነሳ አይረዳም። በክሪክ ካነሱ በኋላ ጠንካራ ማቆሚያ አገቡ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ሰው አይገባም! የፍሬኑን ቧንቧና ገመድ፣ ረጅሙን ዘንግ፣ ባሌስትራውን የሚያስሩትን ብሎኖች ፈትተው አሮጌውን አወጡ። አዲስ ቀለበትና አዲስ የፍሬን ሸራ አገቡ። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይመለስም። ዘይቱን እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ሞሉ፤ ከፍሬኑም አየሩን አስወጡ። ከጥቂት ቀን በኋላ ብሎኖቹን ደግመው አጠበቁ። አሮጌውን ዘይት በጄሪካን አስቀመጡት እንጂ ወደ ወንዝ አልደፉትም።

ሲጨርሱ ስለ አባታቸው አጫወቱኝ። አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። «ሰው ይሰድበው ነበር» አሉ። «ማረሻው ሲሰበር ግን እሱ ዘንድ ይመጣል።» በአገራችን የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት አፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ግን በየቦታው ገና አልጠፋም። እኛስ ማረሻችንን የሚያበጀውን፣ ምጣዳችንን የምትሠራውን፣ ፍሬናችንን የሚጠግነውን እንዴት ነው የምንጠራው? እስቲ እንጠያየቅ።

እንግዲህ ማኅበራችሁ መኪና ቢኖረው፣ ወይም እህላችሁን ለመጫን ፒክአፕ ብትከራዩ፣ ከመጫናችሁ በፊት ይህን አድርጉ፦

በኋላ ጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ወፍራምና የሚሸት ከሆነ የአክስል ዘይት ነው። ቀጭን ከሆነ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አደጋ ናቸው።

ሾፌሩ ቁልቁለት ላይ የእጅ ፍሬኑን እንዲስብ ጠይቁት። ከፊት ለፊት ሰው አይቁም። ካልያዘ አትጫኑ።

ዘይት ስታስቀይሩ ከሁሉ በፊት የመሙያው ብሎን መፈታቱን አረጋግጡ። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው ዝጎ እምቢ ካለ መኪናው እዚያው ይቀራል።

እትዬ አሁንም ሸክላቸውን በአጎቴ ፒክአፕ ይጭናሉ። ግን ሳይጭኑ በፊት መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ከኋላ ጎማው ሥር ጎንበስ ይላሉ። አጎቴም አይቆጣም፤ አብሯቸው ጎንበስ ይላል።