ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው፦ ባህልን ያገናዘበ ማስተማር ከቃሊቲ ሲታይ

አቃቂ ድሮ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። የጅቡቲው ባቡር መተላለፊያ ስትሆን፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተተከሉባት፣ ዙሪያዋን በኦሮሞ ገበሬዎች መንደሮች የተከበበች። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲፈልግ ከጉራጌ፣ ከወላይታ፣ ከወሎና ከሸዋ ገጠር መጣለት። ጎረቤቷ ቃሊቲም የመጋዘን፣ የጋራዥና የጉምሩክ ሰፈር ሆነች። ኋላ ቱሉ ዲምቱና ገላን ላይ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ደግሞ ከመሀል ከተማ የተነሣው ሰው ወደዚሁ ጎረፈ። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ስም ጠሪዋ መዝገቡን ስትከፍት ጫልቱ፣ ሰሚራ፣ መሠለች፣ ቶሎሳ፣ ወልዴ ተራ በተራ «አቤት» ቢሉ የሚገርም አይደለም። አንዷ ቤቷ የሚወራው አፋን ኦሮሞ ነው፤ አንዱን አያቱ በጉራጊኛ ነው የሚቆጡት፤ ሌላዋ ከአማርኛ በቀር የምታውቀው የለም። «ባህልን ያገናዘበ ማስተማር» የሚባለውን ሐሳብ ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ክፍል ማግኘት ያስቸግራል።

ሐሳቡ በዚህ ስሙ የታወቀው በአሜሪካ ነው። በዚያ ጥቁር ልጆች ትምህርት ሲከብዳቸው ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ የሚጣለው በቤታቸውና በአስተዳደጋቸው ላይ ነበር። ግሎሪያ ላድሰን ቢሊንግስ ጥያቄውን ገለበጠችው፤ ጥቁር ልጆችን አስተምረው ለውጤት ያበቁ መምህራን ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1994 በመጽሐፍ፣ በ1995 ደግሞ በንድፈ ሐሳብ መልክ አወጣችው። ሦስት ነገር ትጠይቃለች። ልጁ በትምህርቱ ይብቃ፤ ሲበቃም ባህሉን አይጣል፤ በዙሪያው የሚያየውንም ኢፍትሐዊነት መመርመር ይቻለው። ጄኒቫ ጌይ በ2000 ባሳተመችው መጽሐፍ ሐሳቡን ወደ ክፍል ውስጥ አሠራር አወረደችው። ከእነርሱ ቀደም ብሎ ሉዊስ ሞልና ባልደረቦቹ በአሪዞና መምህራንን ወደ ሜክሲኮ ተወላጆች ቤት ልከው ነበር። መምህራኑ ያገኙት የተባለውን «ባዶ ቤት» ሳይሆን እርሻ፣ ግንባታ፣ ንግድና የባህል መድኃኒት የሚያውቁ ቤተሰቦችን ነው።

ላድሰን ቢሊንግስ ከምትጠይቃቸው ከሦስቱ ቶሎ የሚረሳው የመጀመሪያው፣ በትምህርት መብቃት፣ ነው። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ኅዳር 29፣ ሲደርስ ልጆችን የባህል ልብስ አልብሶ ማሰለፍ፣ ማስጨፈር፣ ፎቶ ማንሳት ቀላል ነው። በማግስቱ ያው ልጅ ክፍል ገብቶ የሚነበበውን ካልተረዳ ግን ልብሱ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በእኛ አገር ጉዳዩ የቆዳ ቀለም ጉዳይ አይደለም፤ ልጅ በገዛ አገሩ ትምህርት ቤት እንግዳ የመሆኑ ጉዳይ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ቤት የሚሻገር ልጅ የሚማረው እሑድ እሑድ ከሚሰማው ቅዳሴ ጋር የተጋመደ ነበር። ቁርኣን ቤትም ለራሱ ልጆች እንዲሁ። ሁለቱም ግን ከሃይማኖታቸው ውጭ ለተወለደ ልጅ የተከፈቱ አልነበሩም። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ መጽሐፉም ቋንቋውም ወደ እንግሊዝኛ አዘነበለ። በ1950ዎቹ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ይህ ለጎንደሩና ለመንዙ ልጅ እፎይታ ሲሆን ለወለጋውና ለሲዳማው ልጅ እንግሊዝኛው ከመድረሱ በፊት የሚዘለል ሌላ አጥር ነበር።

በዚህ ላይ የጻፉ ምሁራኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ተከስተ ነጋሽ የኢትዮጵያን ትምህርት ቀውስ በተከታታይ መጻሕፍት ሲመረምር በባዕድ ቋንቋ ማስተማርን አጥብቆ ይነቅፋል። መሳይ ከበደ የ1960ዎቹ ተማሪ ወደ ጽንፍ የሄደው ከባህሉ በነቀለው ትምህርት ምክንያት ነው የሚል ክርክር አለው። ይርጋ ገላው ወልደየስ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መጽሐፍ፣ ያልተገዛች አገር በትምህርቷ በኩል ራሷን በራሷ ቅኝ ገዛች እስከማለት ይደርሳል። የቁጭታቸው ምክንያት ይገባኛል። ሆኖም ወደ ነባሩ እንመለስ ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው የግዕዙ ነባር ነው፤ ቃሊቲ ላይ ቆሞ ለሚያስተምር ሰው «የማን ነባር?» የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ይመጣል።

ለዚህ ጥያቄ ቀደም ብሎ መልስ የሰጡት ሁለት ሰዎች ከባርነት የተረፉ ነበሩ። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮን ተማረ። አስቴር ጋኖ ደግሞ በባሪያ ነጋዴዎች ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ጣሊያኖች መርከቡን አስቁመው አስለቀቋት፤ ምጽዋ አጠገብ ባለው የእምኩሉ ትምህርት ቤትም ገባች። ሁለቱ ተባብረው እ.ኤ.አ. በ1894 በአፋን ኦሮሞ የንባብ መማሪያ አሳተሙ፤ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። መጽሐፉን ልዩ የሚያደርገው ይዘቱ ነው። አስቴር ከልጅነቷ የምታስታውሰውን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ወደ አምስት መቶ የሚጠጋ ሰብስባ ጽፋ ነበር፤ ከዚያ ክምችት የተመረጠው ለማንበቢያነት ገባ። ማንበብ የሚጀምር ልጅ በገጹ ላይ የሚያገኘው እናቱ ማታ ማታ የምትነግረውን ነው ማለት ነው። ነገሩን አስቡት፤ ከቤተሰቧ ተነጥቃ ባሕር ዳርቻ የደረሰች ወጣት፣ በጆሮዋ ይዛ የወጣችውን ሁሉ ለማታውቃቸው ልጆች መማሪያ አደረገችው። ይህን ሥራ ለመሥራት የማንም ንድፈ ሐሳብ አላስፈለጋትም። በመምህራን ማሠልጠኛ የታሪክ ክፍለ ጊዜ የአስቴር ስም ከብዙ የውጭ ሊቃውንት ስም ቀድሞ መጠራት የሚገባው ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ነገሩን የያዘው በቋንቋ በኩል ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ፊደል አስቆጠረ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ። ውሳኔው ፍሬ አፍርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በስምንተኛ ክፍል ምዘና ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ችግሩ ቋንቋ ከሕዝቡ ተነጥሎ በቢሮ ሲዘጋጅ ነው። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አዋሕዶ «ወጋጎዳ» የሚል መማሪያ ሲወጣ በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ብቻውን በቂ እንዳልሆነም እ.ኤ.አ. በ2010 የተካሄደው የንባብ ምዘና አረጋግጧል፤ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው ያህል በራሱ ቋንቋ ከቀረበለት ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለም ነበር። በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት የተዘጋጁት ከዚያ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ጣጣ አለባት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ክፍሎች ተከፍተዋል፤ በአማርኛ በሚማሩት ዘንድም አፋን ኦሮሞ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ገብቷል። ለአቃቂ ቃሊቲ ነባር ገበሬ ልጅ ይህ የዘገየ እንጂ የሚያነጋግር መብት አልነበረም። ይሁንና በ2015 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ በከተማዋ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በባንዲራና በመዝሙር ሰበብ ግጭት ተነሥቶ ትምህርት ተቋረጠ። አዋቂዎች ሰልፉ ላይ ስለሚዘመረው ሲጨቃጨቁ ክፍል ውስጥ ስለሚሆነው የሚጠይቅ ጠፋ።

ክፍል ውስጥ የሚሆነው ደግሞ ጥቃቅን ነው። በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ማንበብ የለመደ ልጅ ድምፅ ሲጠብቅ ፊደሉ ሲደገም ያያል። ወደ አማርኛ ሲመጣ «ገና» የሚለው ቃል ጠብቆ በዓሉ፣ ላልቶ ደግሞ «ገና አልደረሰም» እንደሚሆን ከጽሑፉ ላይ የሚነግረው ምልክት የለም። ይህን የምታውቅ መምህርት በሁለት ደቂቃ ታስረዳዋለች፤ የማታውቀው ግን ልጁን «ደካማ አንባቢ» ብላ መዝገብ ላይ ታሰፍረዋለች። በ2015 ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት አገር በቀል ዕውቀት በየትምህርቱ እንዲገባ ያዛል። ለዚያ ቃሊቲ ሩቅ መሄድ አያሻትም። የአቃቂን ወንዝ ጠልፈው ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ቤተሰቦች ልጆች እዚያው ክፍል አሉ፤ የወንዙን መበከል ከሳይንስ መጽሐፉ በፊት በሽታው ነግሯቸዋል። የእናታቸውን ዕቁብ ዙር የሚያሰሉ፣ ከአባታቸው ጋር ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆነው መልስ የሚቆጥሩ ልጆችም አሉ፤ መቀነስ ይከብዳቸዋል የተባሉት እነዚሁ ይሆናሉ። ደግሞም አዲስ የሚመስለን ሁሉ አዲስ አይደለም፤ ዓርብ ዓርብ የመንግሥት ሥራ ከ5:30 እስከ 7:30 የሚቋረጠው ጁምዓ ታስቦ ነው። በጾም ወራት ፈተናን ከሰዓት በኋላ ላለማድረግ የሚጠነቀቁ መምህራንም ይህን ያደረጉት ማንም ሳያሠለጥናቸው ነው።

ከአገር የወጡት ልጆቻችን ይህንኑ ጉዳይ ከሌላው ጎን ያዩታል። በሙሴ ዘመቻና እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆች ብዙዎቹ ስማቸው ወደ ዕብራይስጥ ተቀይሮ ወደ ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። በዓላቸው ስግድ የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ሆኖ በሕግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሊያስተናግዱባቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ሆኖም ወረቀት መተርጎም ልጁን ማወቅ አይደለም። በጨዋ ደንብ ያደገ የሐበሻ ልጅ ታላቁ ሲያናግረው ዓይኑን ይሰብራል፤ አሜሪካዊት መምህርቱ ይህንን እንደ ቸልተኝነት ልትቆጥርበት ትችላለች። የቃሊቲ መምህርትም ከገጠር የመጣን ልጅ ዝምታ እንዲሁ ልትስት ትችላለች።

ክርክሩን ሁሉ ሳየው የጎደለን ፖሊሲ አይደለም፤ የጎደለን ልጁን የሚያውቅ መምህር ነው። በሃምሳና በስልሳ ልጆች የታጨቀ ክፍል ይዛ፣ የሚተርፍ ጊዜ ሳይኖራት መምህርቷ ሁሉንም ታውቅ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ሥራውን ሌሎች ይጀምሩላት። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ እጩ መምህራኑን ለልምምድ ሲልክ የቤት ጉብኝትን እንደ ማስተማሩ ሁሉ ነጥብ ይስጥበት። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ለኖራና ለአጥር መዋጮ ብቻ አይሰብሰብ፤ አያቶችን ጋብዞ ተረት ያስነግር። የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም በመጪው ምዝገባ ቅጹ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨምር፤ ልጁ ቤት ውስጥ የሚያወራው በምን ቋንቋ ነው? ቤተሰቡስ የሚተዳደረው በምንድን ነው? መልሱ ግን ፋይል ውስጥ አይቀመጥ፤ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለስም ጠሪዋ ይድረሳት።