ቀላል ስልክ ስለ መምረጥ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች መካከል አባቱን ወይም እናቱን፥ አጎቱን ወይም አክስቱን በገጠር ያልተወ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዓል በቀረበ ቁጥር «ለቤተ ሰቤ ምን ልላክ?» የሚለው ጥያቄ የሁላችን ነው። ቀድሞ ጋቢና ነጠላ፥ ስኳርና ቡና ይላክ ነበር፤ ዛሬ ግን ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ስልክ ሆኗል። ለገጠር ዘመድም ሆነ ለራሳችን ስልክ ስንገዛ፥ የሚሻለው በጣት የሚዳሰሰው ስማርት ስልክ ነውን? ወይስ በተለምዶ «በተን» የሚባለው ባለ ቁልፍ ወይም ታጣፊ ቀላል ስልክ? የዛሬው ንግግራችን ይህን ይመረምራል።

ነገሩን ከራሴ ቤት ልጀምር። ወላጆቼ የሚኖሩት ከቡሬ ከተማ በእግር የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ የገበሬ መንደር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደመወዜ ቆጥቤ ለአባቴ ስማርት ስልክ ገዛሁና ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁላቸው። የልጅነት ግዴታዬን የፈጸምሁ መስሎኝ ልቤ ደስ አለው። አባቴም ስልኩን በጨርቅ ጠቅልለው በሣጥን አኖሩት፤ እሑድ እሑድ አውጥተው ለወዳጆቻቸው ያሳዩት ነበር። ችግሩ የስልኩ ዕድሜ አጭር መሆኑ ነው። ዛሬ የተሞላው ባትሪ በማግሥቱ ያልቃል፤ በመንደሩ የኤሌክትሪክ መብራት የለም፤ ስልክ የሚሞላው በገበያ ቀን፥ በሶላር ኃይል ከሚሠራ አንድ ሱቅ፥ ገንዘብ እየተከፈለ ነው። ስለዚህ ያ ውድ ስልክ ከሳምንቱ የሚበዛውን ቀን እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ ይተኛ ነበር።

በአንድ የክረምት ሌሊት እናቴ በጽኑ ታመሙ። አባቴ ሣጥኑን ከፈቱ፤ ስልኩ ግን ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ነበር። ያን ሌሊት የደረሰልን የጎረቤታችን እረኛ ልጅ በአንገቱ ያንጠለጠለው፥ ጠርዙ ተሰነጣጥቆ በላስቲክ የታሰረ፥ ቢሸጥ የአንድ ዶሮ ዋጋ እንኳ የማያወጣ በተን ስልክ ነው። በእርሱ ለአምቡላንስ ተደወለ፤ የሰፈሩ ሰዎች እናቴን በቃሬዛ ተሸክመው፥ በዚያው ስልክ መብራት እየተመሩ፥ መኪና እስከሚደርስበት መንገድ አወረዷቸው። እናቴ ዛሬ በሕይወት አሉ። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚለው ተረት በስልክ ላይ እንደማይሠራ የተማርሁት በዚያ ሌሊት ነው።

እንደሚታወቀው ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፥ የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ መጀመሪያ ሆኖ የሚቆጠረው ዘመን 1887 ዓ.ም. ነው። በ1945 ዓ.ም. ሥራውን የሚመራ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። በኪስ የሚያዘው ስልክ ግን እጅግ ዘግይቶ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። በውጭው ዓለም የመጀመሪያው የእጅ ስልክ ጥሪ የተደረገው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 በኒው ዮርክ ከተማ ነው፤ ደዋዩ ማርቲን ኩፐር የሚባል መሐንዲስ ሲሆን፥ የያዘው ስልክ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። ታጣፊው ስልክ በሞቶሮላ ኩባንያ እጅ በ1996 በሰፊው ታወቀ። በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 ደግሞ ባትሪ የሚይዝ፥ አቧራ የሚችል፥ በራሱ ላይ የእጅ ባትሪ ያለው ስልክ ስለ ነበረ ከ200 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ዛሬ በገጠራችን የምናያቸው ባለ መብራት በተን ስልኮች የዚያ ዓይነት ስልክ ዘመዶች ናቸው።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ እንግባ።

አንደኛው ምክንያት የኃይል ጉዳይ ነው። ስማርት ስልክ ሰፊ መስታወቱን ለማብራትና ባለቤቱ ሳያያቸው በውስጡ የሚሠሩትን ብዙ ፕሮግራሞች ለማንቀሳቀስ ዘወትር ኃይል ይፈጃል። በዚህ ላይ ማንኛውም ስልክ የኔትወርክ ማማ በራቀበት ስፍራ ምልክት ለመፈለግ ሲታገል ባትሪው ቶሎ ይደክማል። ቀላሉ ስልክ ግን ትንሽ መስታወትና ጥቂት ሥራ ብቻ ስላለው አንድ ጊዜ የተሞላው ለብዙ ቀናት ይቆያል። ከገበያ እስከ ገበያ የሚያደርስ ስልክና በማግሥቱ የሚጠፋ ስልክ፥ መብራት በሌለበት መንደር ውስጥ በምንም መንገድ እኩል አይደሉም።

ሁለተኛው ምክንያት የመንገዱ ጉዳይ ነው። ድምፅና አጭር መልእክት የሚሄዱበት መንገድ ኢንተርኔት ከሚሄድበት መንገድ የተለየና ትንሽ አቅም የሚበቃው ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት በማይደርስበት ኮረብታ ላይ ድምፅ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ይህን በአማራ ክልል የሚኖር ሰው ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ከሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ በብዙ ሺሕ ብር የተገዛው ስልክ መደወያ ብቻ ሆኖ ቀረ። እርግጥ የድምፁም መስመር በየቦታው የተቋረጠበት ጊዜ ነበር፤ በተመለሰ ጊዜ ግን በተን ስልክ የያዘ ሰው ያጣው ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው ምክንያት ሥራው ነው። ብዙ ሰው ቀላል ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ የማይችል ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በስማርት ስልክ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን *127# ተብሎ በማንኛውም ስልክ ይሠራል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ያስጀመረው 8028 የተባለው የገበሬዎች የስልክ መስመር፥ ስለ ጤፍ፥ ስለ ስንዴና ስለ በቆሎ አስተራረስ የተቀዳ ምክር በአማርኛና በሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች በድምፅ የሚያሰማ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ቁጥር ተጭኖ ያዳምጣል። የቡሬና የወንበርማ ገበሬም በርበሬውን በአህያ ከመጫኑ በፊት በከተማ ላለው ዘመዱ ደውሎ የዕለቱን ዋጋ ይጠይቃል። ለዚህ ሁሉ ጥርት ብሎ የሚሰማ ድምፅ ይበቃዋል።

አራተኛው ምክንያት ፊደላችንን የሚመለከት ሲሆን፥ እዚህ ላይ ቀላሉ ስልክም ነቀፋ አለበት። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ እስከ 160 ፊደል ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። የመልእክቱ ማኅደር መጠን አንድ ሆኖ ሳለ፥ የእኛ እያንዳንዱ ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ ነው። በዚህ ላይ አንዳንድ ቀላል ስልኮች የአማርኛ ፊደል ስለሌላቸው የተላከላቸውን ቃል ባዶ ሣጥን አድርገው ያሳያሉ። ስለዚህ ከተሜው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ ይህን ጽሑፍ ግን ዳዊት የደገሙ አባት እንኳ ሊያነቡት አይችሉም። እንግዲህ ስልኩን ከመግዛትዎ በፊት በሱቁ ውስጥ «ሰላም ነዎት» ብለው በአማርኛ መልእክት ይላኩበትና ይመልከቱ። ካላሳየ ሌላ ይምረጡ።

በሌላው ወገን የሚነሣውን መከራከሪያ መሸሽ አይገባም። ስማርት ስልክ ከንቱ ነገር አይደለም። በውጭ አገር ያለችውን የልጅ ልጅ ፊት በመስታወት አይቶ መመረቅ ለአያት ትልቅ ደስታ ነው፤ በተን ስልክ ይህን አይሰጥም። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና ሰነድ ዛሬ በቴሌግራም ይላካል፤ አስቸኳይ ስብሰባ በዚያው ይጠራል። በከተማ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ስማርት ስልኩን ጨርሶ ይጣል ብንል ከሥራው እንዲለይ መምከር ይሆንብናል። ደግሞም በአንዳንድ አገሮች የቆዩት የስልክ ሥርዓቶች እየተዘጉ ነው፤ በአሜሪካ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ሦስተኛው ትውልድ የተባለው አገልግሎት ሲዘጋ ብዙ አሮጌ ስልኮች መደወል አቁመዋል። ስለዚህ በውጭ ያለ ዘመድ አሮጌ ስልክ ልላክ ቢል፥ በአገራችን መስመር የሚሠራ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሌላም መጠንቀቂያ አለ። ቀላል ስልክ የያዘ ሰው ከአታላይ ነጻ አይደለም። «ሎተሪ ደርሶዎታል፥ የምሥጢር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚለው ጥሪ በተን ስልክንም ያንኳኳል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ገንዘብ ለመቀበል ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ሲሰጡ የምሥጢር ቁጥራቸውንም አብረው ይሰጣሉ። ስለዚህ ስልክ የሚልክ ልጅ የሚታመን አንድ ሰው ከቤተ ሰቡ መርጦ ማሠልጠን፥ ለወላጁም የምሥጢር ቁጥር ባንክም ቴሌም የማይጠይቀው መሆኑን ደጋግሞ መንገር ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቀበሌዎች ለሥራ የሚወጣ ባለሙያ ሁለት ቀን ቢቆይ፥ በሁለተኛው ቀን ስማርት ስልኩ ጠፍቶ አለቃውም ቤተ ሰቡም ሲፈልጉት ይውላሉ። እንዲህ ላለው ሰው ስማርት ስልኩን ለጠረጴዛ ሥራ አስቀርቶ፥ ለመንገድ በተን ስልክ መያዝ ብልኅነት ነው። በቢሮ ውስጥም ባለ ጉዳይ በበር ቆሞ ሳለ ዓይናችን በመስታወቱ ላይ ተተክሎ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ መሆኑን እንመን። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ ጉዳዩን የሚያስረዳው ለፊታችን እንጂ ለግንባራችን አይደለም። ስልክን በመሳቢያ ውስጥ ማኖር የማይቻለው ሰው፥ ሲጠሩት ብቻ የሚናገር ስልክ ቢይዝ ለሥራውም ለክብሩም ይበጀዋል።

ስለ ታጣፊው ስልክ አንድ ቃል እንጨምር። ሲታጠፍ ቁልፎቹ በኪስ ውስጥ ሳይታወቅ አይነኩም፤ ጥሪ ለመዝጋትም ማጠፍ ብቻ ስለሚበቃ ለአረጋውያን ይመቻል። ነገር ግን ማጠፊያው ደካማ ጎኑ ነው፤ አቧራና ውድቀት አይወድም። ስለዚህ ለቤት ታጣፊው፥ ለእርሻና ለጥበቃ የማይታጠፈው ይሻላል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፥ ወደ ስልክ ሱቅ ሲገቡ ሦስት ነገር ራስዎን ይጠይቁ። ይህ ስልክ የሚሞላው የትና በስንት ቀን አንድ ጊዜ ነው? የሚይዘው ሰው ምን ማንበብና ምን መጫን ይችላል? በሌሊት ቢታመሙ ወይም ቤት ቢቃጠል ሊያስፈልግ የሚችለው የትኛው ሥራው ነው? መልሱ ስማርት ስልክን ካሳየ ያለ ሐሳብ ይግዙት፤ በተን ስልክን ካሳየም ያለ ኀፍረት ይግዙት። ቀላል ስልክ መምረጥ ከሥልጣኔ መራቅ የሚመስለው ሰው ካለ፥ ሥልጣኔ መሣሪያን ከሥራው ጋር ማስተካከል መሆኑን ያስብ።

እኔም ለአባቴ በኋላ የላክሁላቸው ባለ ሁለት ሲም፥ ባለ መብራትና ሬዲዮ ያለው በተን ስልክ ነው። ያ የመጀመሪያው ስልክ በቡሬ ለሚማረው ታናሽ ወንድሜ ተሰጠ፤ ለትምህርቱ ይጠቀምበታል፤ በገበያ ቀንም አባቴ ወደ እርሱ ጎራ ብለው በውጭ አገር ያሉትን ዘመዶቻቸውን ፊት ያዩበታል። አሁን በየትኛውም ቀን ብደውል አባቴ «አቤት ልጄ» ብለው ያነሣሉ። የበተኑን ስልክ ዋጋ ለሚጠይቀኝ ሰው የምነግረው ይህንኑ ነው።